አንድ፣ ሁለት… ይሰማል?

ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት አካባቢ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚያልፍ ሰው የረፍት ደወል እንደተደወለ የሚሰማው ነገር አለ። መጀመሪያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት፤ ቀጥሎ ማይክ በጣት ሲመታ፤ ከዚያ ለመወፈር የሚታገል የልጅ ድምፅ። «አንድ፣ ሁለት… አንድ፣ ሁለት… ይሰማል?» ዛፍ ሥር ከተኮለኮሉት አንዱ «ይሰማል!» ብሎ ይጮኻል። ዜናው ይጀምራል።

ይህ ሚኒ ሚዲያ ነው። አገራችን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ብዙም አይጻፍበትም። እኔ የአንዲትን ከተማ ወሬና ስፖርት ለእንግዳ አስረዳ ብባል ከስታዲየሙ አልጀምርም። ከዚህ ድምፅ ማጉያ እጀምራለሁ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አንድ ማይክ፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ከምሰሶ ወይም ከጣሪያ ጠርዝ ጋር በሽቦ የታሰሩ ሁለት ሦስት ቀንድ መሳይ ድምፅ ማጉያዎች፣ ድሮ ካሴት ዛሬ ፍላሽ፣ እና አንዲት ጠባብ ክፍል። ክፍሏ ብዙ ጊዜ ከስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው ብዙ አትርቅም፤ ለዜና አንባቢው ይህ መታደል ነው፤ ውጤቱን የያዘው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ኳስ ሊያስገባ ሲመጣ በር ላይ ይይዘዋል። «ቲቸር፣ ትናንት ማን አገባ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ድምፅ ይዘው የገቡ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሚናገሩት ከሩቅ ነበር። የራዲዮ ትምህርት ሲጀመር መምህሩ በማይታይ ሰው ተተካ፤ ልጆች ዝም ብለው ራዲዮኑን ያዩ ነበር፣ የሚታይ ነገር ይመስል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ ሲመጣ መምህሩ በምስልም ከሩቅ መጣ። ሚኒ ሚዲያ ግን መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለራሱ ስለ ራሱ የሚያወራበት ነው። በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበባት በየግቢው ሲቋቋሙ ብዙ ቦታ ማይኩና ማጉያው የተገዛው በእነሱ ስም ነበር። የተገዛው ስለ በሽታው ለማስተማር ይሁን እንጂ ልጆቹ ማይክ ካገኙ በኋላ የሚሉት ሌላ ነገርም ነበራቸው፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ኳስ ሳይኖር አይቀርም።

ዜናው ምን ይዟል? መታወቂያው የጠፋበት ተማሪ አለ። አባቱ ያረፈበት ልጅ አለ፤ ክፍሉ ለማስተዛዘኛ ገንዘብ እያዋጣ ነው። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት መጥቶ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ከዘመድ ስንቅ በጀልባ መጥቶ ወደብ ላይ ይጠብቀዋል። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ወዲህ የአረም ነቀላ ጥሪም ተጨምሯል፤ ተማሪው አካፋና ቦት ጫማ ካለው ይዞ እንዲወጣ ይነገረዋል። አልፎ አልፎም የጤና ምክር አለ፤ ሐይቁ ዳር ያደጉ ልጆች ዋናን ከአሠልጣኝ ሳይሆን ከታላቅ ወንድም ይማራሉና፣ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ ከዚያው ውኃ እንደሚገኝ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። የሚዋኘው ሁሉ ይህን ሰምቶ ውኃውን ይተዋል ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ግቢው ይንጫጫል። «አሁን ወደ ስፖርት ዜና» ሲባል ግን ጸጥ ይላል።

የትምህርት ቤት ስፖርት ከታች ሲነሣ «ክፍል ለክፍል» ይባላል። 9ኛ «ለ» ከ9ኛ «ሐ» ይገጥማል፤ ማልያ በመዋጮ ይገዛል፤ መዋጮው ካልሞላ አንዱ ቡድን ሹራቡን አውልቆ በከናቴራ ይጫወታል። ወደ ላይ የሚያልፈው ግን አሸናፊው ክፍል አይደለም። ከየክፍሉ የተሻሉት ተመርጠው የትምህርት ቤቱ ቡድን ይሆናሉ፤ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ይጋጠማል፤ ከከተማው የተውጣጡት ከየዞኑ ከመጡት ጋር በክልል፣ ክልሉም በአገር አቀፍ የተማሪዎች ውድድር ይወዳደራል። ባሕር ዳር ላይ ጣና ሐይቅ ትምህርት ቤት ከግዮን ትምህርት ቤት ሲገጥም እኔን ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል፤ ግዮን የዓባይ የመጽሐፍ ቅዱስ ስሙ ነውና፣ ሐይቁ ከሆዱ ከወጣው ወንዝ ጋር ለዋንጫ የተጋጠመ ይመስላል።

ሜዳውን በተመለከተ ማንም የሐይቅ ዳር ልጅ የሚያውቀው ምሥጢር አለ። ጣና ስፋቱ ሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት እንደ መስታወት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ታንኳ ቀዛፊው ለዚህ ነው በጠዋት የሚወጣው። መረብ ኳስ ተጫዋቹም ይህን ያውቃል፤ ከሰዓት ከሆነ የትኛው በኩል መጀመር እንዳለበት ዕጣ ሲወጣ ዓይኑ ዘንባባው ላይ ነው። ትምህርቱ በፈረቃ ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል፤ የጠዋት ፈረቃ ክፍል ከከሰዓት ፈረቃ ክፍል ጋር ከተደለደለ ቅዳሜ እስኪመጣ ጨዋታ የለም፤ ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ቀን ነው፣ በረኛው እናቱን ሊያግዝ ሊሄድ ይችላል። ከተሸነፉ በኋላ በረኛው የት እንደነበር የሚያስረዳ ዜና ሰምቼ አላውቅም።

ይኸው ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። የሚኒ ሚዲያ የስፖርት ዜና ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ «በትናንትናው ዕለት በተካሄደው የክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ውድድር 9ኛ ‹ለ› 9ኛ ‹ሐ›ን 2 ለ 1 በሆነ ውጤት አሸንፏል።» አለቀ። ዓረፍተ ነገሩ ከትልቁ ራዲዮ የተቀዳ ነው፤ «በትናንትናው ዕለት» የሚለው አነጋገር ራሱ ክራባት ያሰረ ነው። ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ከክፍሎቹ ፊደላት በስተቀር ያ ትምህርት ቤት ውስጥ የለም።

ታዲያ ምን ይጨመር? ስም። ጎሉን ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ኳሱን ማን አቀበለው። የተሸነፉት አምበል ማን ነው። ከዚያ ትርጉሙ፤ ይህ ውጤት ማንን ወደ ቀጣዩ ዙር ያሳልፋል፣ ማንን ያስቀራል። ከዚያ አንድ የታየ ነገር፣ አንድ ብቻ፤ ጎል የተባለው ኳስ መስመሩን አልፏል አላለፈም ብለው ዳኛውን ከበው ሲከራከሩ መረብ ስለሌለው ማረጋገጫ መጥፋቱ፣ ወይም ነፋሱ የማዕዘን ምቱን ወደ ውጭ መውሰዱ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ረፍቱ አጭር ነው።

ስም ሲባል ሙሉ ስም ነው፣ በትክክል የተነበበ። አንድ ብሔራዊ ጋዜጣ የአንድን ተጫዋች ስም ቢያበላሽ ይቅርታ በሚቀጥለው እትም ይወጣል፤ ማንም ላያየው ይችላል። ሚኒ ሚዲያ ላይ ስም ያበላሸች ልጅ ግን ከክፍሏ ስትወጣ ባለስሙ በሩ ላይ ቆሟል። የትንሽ ከተማ ዜና ትልቁ ሚዛን ይህ ነው፤ የተወራለት ሰው አድማጩ ራሱ ነው። ለጀማሪ ጋዜጠኛ ከዚህ የተሻለ አርታኢ አላውቅም።

ሌላም መታረም ያለበት አለ። የወንዶቹ ውጤት ከተነበበ በኋላ መጨረሻ ላይ «በሴቶችም ተመሳሳይ ውድድር ተካሂዷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ማን ከማን? ስንት ለስንት? ዜና አንባቢዋ ራሷ ሴት ልጅ ሆና እንኳ ይህን ስታነብ ይሰማል፤ ወረቀቱ እንደዚያ ተጽፎ ነው የሚሰጣት። የእጅ ኳሱን ዋንጫ የወሰዱት ልጃገረዶች ስማቸውን የሚሰሙት ሰኔ ላይ ብቻ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ዜናው ግማሹን ግቢ ሳይዘግብ ከርሟል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው የሚል ካለ የአገራችን ስፖርት ከየት እንደተነሣ ያስታውስ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ኳስን የጀመሩት አዲስ አበባ ውስጥ ተማሪ ሳሉ ነው። ከስፖርት ጋዜጠኝነት ተነሥተው ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ድረስ የዘለቁት ፍቅሩ ኪዳኔ የሕይወት ታሪካቸውን ሲጽፉ «የፒያሳ ልጅ» አሉት፤ ከሰፈር ነው የጀመሩት። ገነነ መኩሪያም በ«ኢህአፓና ስፖርት» የአብዮቱን ዘመን የሰፈር ቡድኖችና ተጫዋቾች ታሪክ ሰብስቧል። ያንን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይህን ያስባል፤ በዚያን ጊዜ የየሰፈሩን ውጤት በደብተር የያዘ ልጅ በየቦታው ቢኖር ኖሮ ስንት ነገር ይተርፍ ነበር።

ባሕር ዳር ትልቁንም ስፖርት ታውቀዋለች። ከ50 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታሰበው ስታዲየሟ ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም ዋልያዎቹ ሌሶቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ሞልቶ ነበር፤ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም ደግሞ ኮትዲቯር በዚያው ውጤት እዚያው ተሸነፈች። የከተማዋ ክለብ፣ ደጋፊዎቹ «የጣና ሞገዶቹ» የሚሉት ባሕር ዳር ከተማ፣ በ2010 ዓ.ም ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አድጎ በ2015 ዓ.ም ሁለተኛ ወጣ። ነገር ግን ስታዲየሙ የኮንፌዴሬሽኑን መስፈርት አያሟላም ተብሎ በ2014 ዓ.ም ታገደ፤ ብሔራዊ ቡድኑ ግብጽን 2 ለ 0 የረታበትን «የሜዳውን» ጨዋታ ማላዊ ሄዶ ተጫወተ። የባሕር ዳር ልጅ ያንን ድል እንደማንኛውም ሰው በቴሌቪዥን ነው ያየው። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ጨዋታ ከነበረ ግን እዚያ በአካል ተገኝቷል።

ጃፓኖች የትምህርት ቤት ስፖርትን እስከ ጥግ ወስደውታል። ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየበጋው የሚካሄድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቤዝቦል ውድድር አላቸው፤ 49 ትምህርት ቤቶች ኮሺየን ወደሚባለው ስታዲየም ይመጣሉ፣ አገሩ በሙሉ በቀጥታ ሥርጭት ይከታተላል። የተሸነፉት ልጆች ከሜዳው አፈር እፍኝ ቋጥረው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ። ለዚህ ሁሉ መነሻው ስታዲየሙ እንዳይመስለን፤ ስታዲየሙ የተሠራው በ1924 ነው፣ ውድድሩ ዘጠኝ ዓመት ከቆየ በኋላ። ውድድሩንም የጀመረው አንድ ጋዜጣ ነበር።

ባሕር ዳርም ጋዜጣ አላት። በኩር እዚያው ይዘጋጃል፤ የክልሉ ራዲዮና ቴሌቪዥን መቀመጫቸው እዚያው ነው። ከሚኒ ሚዲያ ክፍሏ እስከ እነዚህ ሕንፃዎች በሳይክል ቢሄዱ ሩቅ አይደለም፤ ከተማዋ ደግሞ የሳይክል ከተማ ናት። የትምህርት ቤቶቹ ውጤት በየሳምንቱ በአንድ ጥግ ቢታተም ወጪው ቀለም ነው። አንዲት አምድ ብዙ አይደለችም።

ባለፉት ዓመታት በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የተዘጋ ትምህርት ቤት ድምፅ ማጉያም አብሮ ዝም ይላል። ሜዳው ላይ ሣር ሲበቅል፣ «ይሰማል?» የሚል ጠያቂ፣ «ይሰማል!» የሚል መላሽ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

ክፍት በሆኑት ውስጥ ግን ሰኔ ሲደርስ የወላጆች በዓል ይመጣል። ድንኳን ይተከላል፣ ሞንታርቦ በኪራይ ይመጣል፣ ወላጆች በወንበር፣ ልጆች በየድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ። የሚኒ ሚዲያዋ ልጅ ማይኩን ይዛ ደረጃ የወጡትንና ዋንጫ የወሰዱትን ትጠራለች። የእኛ አጠራር ደግሞ ይታወቃል፤ የልጅ ስም ብቻውን አይጠራም፣ የአባቱ ይከተላል። ኋላ ረድፍ ጋቢውን ደርቦ የተቀመጠ፣ ከሐይቁ ማዶ በጀልባ የመጣ ሰው የራሱን ስም በሞንታርቦ ሲሰማ ደንገጥ ብሎ ግማሽ ይነሣል፤ የተጠራው ልጁ መሆኑ ትዝ ሲለው ዙሪያውን አይቶ ይቀመጣል። አጠገቡ ያለችው እናት ስሟ ወረቀቱ ላይ የለም። እልልታውን የምታስነካው ግን እሷ ናት።