ለጡረታ ወደ ሀገር ቤት መመለስ፦ ከጉዞ በፊት መስተካከል ያለባቸው የሰነድና የባንክ ጉዳዮች

በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት ሠርተው ጡረታ የወጡ ወገኖች ቀሪ ዘመናቸውን በትውልድ ቀያቸው ለማሳለፍ ሲወስኑ፣ ዘመድ አዝማድ አስቀድሞ የሚያስበው ስለሚያርፉበት ቤት ነው። ይሁን እንጂ ተመላሹን የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ሰነድና ገንዘብ ነው። ለሁለቱም መነሻው ተመላሹ የያዘው ዜግነት ነው።

የመኖሪያ ሰነድ

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን አትፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት፣ በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ተመላሽ በሕግ ፊት የውጭ ሀገር ዜጋ ነው።

ለዚህ መፍትሔ የሰጠው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው ያለ መግቢያ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ በሀገሩ መኖር፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት እንዲሁም ቤት ማፍራት ይችላል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። መታወቂያው በየ5 ዓመቱ ስለሚታደስ ጊዜው ከማለፉ በፊት ማሳደስ ይገባል።

ግሪን ካርድ ብቻ ይዞ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን የጠበቀ ሰው ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። የእርሱ ስጋት መመለሻው ላይ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ከ1 ዓመት በላይ የሚቆይ ከኾነ ከመነሣቱ በፊት፣ እዚያው ሳለ፣ የዳግም መግቢያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ካልኾነ ግሪን ካርዱን ሊያጣ ይችላል።

የጡረታ ገንዘብ

የአሜሪካ ዜጋ የኾነ ጡረተኛ በኢትዮጵያ እየኖረ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ክፍያውን ማግኘት ይችላል። ዜጋ ላልኾነ ሰው ግን ከ6 ወር በኋላ ክፍያው የሚቀጥለው በሠራበትና በአሜሪካ በኖረበት ዘመን ልክ እንዲሁም ክፍያውን በራሱ ወይም በትዳር አጋሩ ስም የሚያገኝ እንደኾነ ታይቶ ነው። ለችግረኛ አረጋውያን የሚሰጠው ኤስ ኤስ አይ የተሰኘው ድጎማ ደግሞ ከሀገር ከወጡ ከ30 ተከታታይ ቀናት በኋላ ለማንም አይከፈልም። ሜዲኬር የሚባለው የጤና መድንም በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም።

መሥሪያ ቤቱ በውጭ ለሚኖሩ ጡረተኞች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መጠይቅ በፖስታ ይልካል። ተሞልቶ ካልተመለሰ ክፍያው ይቋረጣል። በሀገራችን ደብዳቤ ቤት ለቤት ስለማይታደል የራስን ፖስታ ሳጥን ቁጥር ማስመዝገብና ሳጥኑን መከታተል ያስፈልጋል። ጡረተኛው ሕይወቱ ካለፈ ቤተሰቡ ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ የገባ ገንዘብ ተመላሽ ይደረጋል።

የባንክ ሒሳብ

ጡረታው የሚገባበትን የአሜሪካ ሒሳብ ከመዝጋት ይልቅ ክፍት አድርጎ መቆየት ይመረጣል። ባንኮች የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ ስለሚልኩ የአሜሪካውም ስልክ ቁጥር ሥራ ላይ መቆየት አለበት።

በሀገር ቤት ደግሞ ለዲያስፖራ በተፈቀደው አሠራር በዶላር፣ በዩሮ ወይም በፓውንድ ሒሳብ መክፈት ይቻላል። ጥቅሙን ለመረዳት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የኾነውን ማስታወስ ይበቃል። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በዚያ ዕለት ከ57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር ከ74 ብር በላይ ኾነ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ110 ብር አለፈ። የዕድሜ ልክ ቁጠባውን በአንድ ጊዜ የመነዘረ ሰውና ለወር ወጪው ያህል ብቻ የመነዘረ ሰው እኩል አልኾኑም።

የአሜሪካ ዜጋ በሀገሩ ሕግ መሠረት የትም ቢኖር የገቢ ግብር መግለጫ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም። በውጭ ባንኮች ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈም ማስታወቅ ይጠበቅበታል።

ቤትና መሬት

ትውልደ ኢትዮጵያውያን በራሳቸው ስም ቤት ማፍራት እየቻሉ በወንድም ወይም በእህት ስም ማስገንባት በኋላ ለክርክር ይዳርጋል። ሥራውን ዘመድ የሚከታተል ከኾነ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተሰጠና በሀገር ውስጥ የተረጋገጠ ውክልና ይበቃል፤ ውክልናውም የተፈቀደውን ሥራ ለይቶ ቢዘረዝር ይመረጣል። የእርሻ መሬት ለመግዛት የሚያስብ ተመላሽ ካለም፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ቤተሰቡ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።