ጋምፕስ፦ ከማረፍ በፊት በቃል የሚባል ፍተሻ

ጋምፕስ የአነስተኛ ፒስተን ሞተር አውሮፕላን አብራሪዎች ከማረፋቸው በፊት በቃላቸው የሚወጡት የፍተሻ ቅደም ተከተል ነው። የስሙ አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነዳጅን፣ የማረፊያ ጎማን፣ የነዳጅና የአየር ድብልቅን፣ ፕሮፔለርንና የወንበር ቀበቶን ያስታውሳሉ።

በጽሑፍ የሚነበበው ቼክሊስት የተስፋፋው በ1935 እ.ኤ.አ. የቦይንግ ሞዴል 299 አውሮፕላን ኦሃዮ ውስጥ ከተከሰከሰ በኋላ ነው፤ መሬት ላይ ሲቆም ነፋስ መሪ ክፍሎቹን እንዳያወዛውዝ የሚይዘው ቁልፍ ሳይፈታ ነበር የተነሣው። ሆኖም ብቻውን የሚያበርር ሰው ለማረፍ ሲቃረብ ዓይኑ ከወረቀት ይልቅ ውጭ መሆን አለበት። ጋምፕስ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ሲበር ነው። በፓይፐር ቼሮኪ ነዳጅ የሚቀዳው በአንድ ጊዜ ከአንድ ክንፍ ብቻ በመሆኑ የነዳጅ መምረጫው ብዙ ነዳጅ ወዳለበት ይዞራል፤ በሴስና 172 ግን ከሁለቱም በአንድ ላይ ይመጣል። ጎማው ሲወርድ ማንሻውን መግፋት አይበቃም፤ ሦስቱም አረንጓዴ መብራቶች መብራታቸው ይታያል። ድብልቁ ዝቅተኛ ቦታ ላይ በነዳጅ ይወፍራል፣ ማረፉ ካልተሳካ ሞተሩ ሙሉ ኃይል ሰጥቶ ዳግም እንዲያወጣ። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው በአዲስ አበባው ቦሌ ግን እንዲህ ማድረግ ጉዳት አለው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁ በዝቶ ሞተሩን ያዳክመዋል፣ ስለዚህ ለከፍታው ይመጠናል። ፕሮፔለሩም ማረፉ ካልተሳካ ሙሉ ኃይል እንዲገኝ ለከፍተኛ ዙር ይዘጋጃል። ቀበቶውን ማየት አፍታ አይፈጅም።

ጎማው የማይታጠፍ አውሮፕላን ላይ የሚማር ተማሪም «ጎማ» ማለቱን አይተውም፤ ነገ የሚታጠፍ ጎማ ሲገጥመው ልማዱ ያድነዋል። የዘዴው ድካም ግን እዚሁ ልማድ ውስጥ ነው፦ አፍ «ጎማ» እያለ ዓይን መብራቱን ላያይ ይችላል። የመቆጣጠሪያ ማማው በመሀል ትእዛዝ ሲሰጥም የተጀመረው ይቋረጣል። በመጨረሻው ቁልቁለት ላይ እንደገና የሚደገመው ለዚህ ነው።

በየብስም በውኃም ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች «ጎማ ወርዷል» የሚለው መልስ ሊገድል ይችላል፤ ጎማው ወርዶ ውኃ ላይ ያረፈ አውሮፕላን ሊገለበጥ ይችላልና። እነዚህ አብራሪዎች በቅድሚያ የሚያርፉት የት እንደሆነ ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ከዚያም ጎማው ከተናገሩት ጋር መስማማቱን በዓይናቸው ያረጋግጣሉ።