ስልክ ሲከፈት፦ በቤት የሚጠገነውና ለባለሙያ የሚተወው

ስማርት ስልክ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው አንድ ክፍሉ ብቻ ነው። ባትሪው አርጅቷል፣ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ወይም የቻርጅ መግቢያው ላልቷል። ፕሮሰሰሩ፣ ካሜራውና ሜሞሪው ገና ለዓመታት የሚያገለግሉ ሆነው ሳለ ስልኩ ግን «ሞተ» ተብሎ ይጣላል። አዲስ ስልክ የወራት ደመወዝ በሚፈጅበት አገር፣ ገንዘቡም፣ ሥራውም፣ የቤተሰቡም ፎቶ በዚያችው ስልክ ውስጥ ለሆነ ሰው፣ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ መለየት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ ከባድ አይደለም። ትዕግሥት፣ ጥቂት መሣሪያና ከየት በኋላ እጅን መሰብሰብ እንደሚገባ ማወቅ ይበቃል።

ከሽፋኑ ስር

የጀርባ ሽፋኑ ሲነሳ በመጀመሪያ ዓይን የሚገባው ባትሪው ነው። ከውስጡ ቦታ ሰፊውን ድርሻ የያዘው እሱ ነው። ከባትሪው በላይ ወይም ጎን ማዘርቦርዱ አለ። ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪው፣ የኔትወርክ ቺፑና የኃይል መቆጣጠሪያው በዚህች ጠባብ ሰሌዳ ላይ ተበይደው በቀጭን የብረት ክዳን ተሸፍነዋል። የክዳኑ ሥራ አንዱ ክፍል የሚያወጣው የሬዲዮ ሞገድ ሌላውን እንዳይረብሽ መከለል ነው።

ከታች በኩል፣ በብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ፣ ሁለተኛ ትንሽ ሰሌዳ ትገኛለች። የቻርጅ መግቢያውና ማይክሮፎኑ ያሉት እሷ ላይ ነው። ሁለቱን ሰሌዳዎች የሚያገናኛቸው ባለሙያዎች «ፍሌክስ» የሚሉት ስስና ተጣጣፊ ገመድ ነው። ስክሪኑ፣ ካሜራውና የጣት አሻራ ማንበቢያውም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፍሌክስ አላቸው። የፍሌክሱ ጫፍ እንደ ልብስ ቁልፍ ጠቅ ብሎ ይገባል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲነሳ ደግሞ ይለቃል። እዚህ ላይ ብየዳ የለም። የቤት ጥገናን የሚቻል ያደረገውም ይኸው ነው፤ ተበይዶ ያልተያያዘውን ነገር ሁሉ በጥንቃቄ ማውጣትና መተካት ይቻላል።

ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት

መሣሪያው ጥቂት ነው፦ የትንንሽ ካቻቢቴዎች ስብስብ፣ ጫፉ የቀጠነ ወረንጦ፣ መስታወት ላይ ተጣብቆ የሚስብ ጎማ፣ ቀጫጭን የፕላስቲክ መፈልቀቂያዎች፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ እንዲሁም ጥንካሬው ከ90 ከመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል። አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች በባለ መስቀል ካቻቢቴ ይፈታሉ። አይፎን ግን ከታች፣ ከቻርጅ መግቢያው ግራና ቀኝ፣ ባለ አምስት ቅጠል ብሎኖች አሉት፤ ከአይፎን 7 ወዲህ ደግሞ ውስጡ ባለ ሦስት ጫፍ ብሎኖች ተጨምረዋል። በማይገጥም ካቻቢቴ መታገል የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ራሱ የተበላ ብሎን ደግሞ ቀላሉን ሥራ ከባድ ያደርገዋል።

መጀመሪያ ፎቶዎችንና ስልክ ቁጥሮችን ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል። ከዚያ የባትሪው መጠን ከ25 ከመቶ በታች እስኪወርድ መጠበቅ ነው፤ ትንሽ ኃይል የያዘ ባትሪ በስህተት ቢጎዳ የሚያስከትለው አደጋም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ከዚያ ስልኩን ማጥፋትና ሲም ካርዱን ማውጣት ነው።

ብሎኖቹም ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ናቸው። በነጭ ወረቀት ላይ የስልኩን ቅርጽ መሣልና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር መለጠፍ ጥሩ ልማድ ነው። ምክንያቱም በዓይን አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ብሎኖች በርዝመት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ልዩነት ሊለያዩ ይችላሉ። ረጅሙ በአጭሩ ቀዳዳ ገብቶ ሲጠብቅ ጫፉ ማዘርቦርዱን ወግቶ ፀጉር የሚያካክሉትን የመዳብ መስመሮች ይበጥሳል። ስክሪን ለመቀየር ብቻ የተከፈተ ስልክ በዚህ ምክንያት ጨርሶ ሊሞት ይችላል።

አከፋፈቱ

የዛሬ ስልኮች ሽፋን የሚያያዘው በማጣበቂያ ነው። የሽፋኑን ጠርዝ ዙሪያውን በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ፣ እጅን የሚያቃጥል ደረጃ ሳይደርስ ማቆም፣ ከዚያ በጎማው ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ጠርዙ ላይ ስንጥቅ መሰል ክፍተት ሲታይ ቀጭኑን ፕላስቲክ በማስገባት ዙሪያውን ማስኬድ ይገባል። ፕላስቲኩ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ መዝለቅ የለበትም፤ ከስር የጣት አሻራ ወይም የስክሪን ፍሌክስ ሊኖር ይችላል። እምቢ ካለ መልሶ ማሞቅ እንጂ ጉልበት መጨመር አያዋጣም።

ሽፋኑ እንደተነሳ የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ፍሌክስ ማላቀቅ ነው። ይህ ሳይደረግ ሌላ ምንም አይነካም። ስልኩ ቢጠፋም ባትሪው ከማዘርቦርዱ ጋር እስከተገናኘ ድረስ በሰሌዳው ላይ ኃይል አለ፤ የካቻቢቴ ጫፍ ሁለት ነጥቦችን ባንድ ጊዜ ቢነካ ሾርት ሆኖ ደህናውን ቺፕ ያቃጥላል።

ባትሪው፦ ቶሎ የሚያረጀው ክፍል

በስልካችን ውስጥ ያለው የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ነው። መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን አግኝተዋል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ስልኩ ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም ቅንጣቶች ከባትሪው አንደኛ ገጽ ወደ ሁለተኛው ይሻገራሉ፤ ስልኩ ሲሠራ ይመለሳሉ። በእያንዳንዱ ምልልስ ጥቂቶቹ በኬሚካላዊ ለውጥ ተይዘው ይቀራሉ፤ የባትሪው አቅምም እየቀነሰ ይሄዳል። ሙቀት ይህን መቀነስ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ስልክን ፀሐይ ላይ ወይም ትራስ ስር አድርጎ ቻርጅ ማድረግ የባትሪውን ዕድሜ መቀነስ ነው።

ስልክ 30 ከመቶ እያሳየ በድንገት ሲጠፋ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የባትሪው ነው። ያረጀ ባትሪ ውስጣዊ መቋቋሙ ስለሚጨምር፣ ካሜራ ሲከፈት ወይም ሌላ ከባድ ሥራ ሲመጣ የሚሰጠው ቮልቴጅ ባንዴ ይወርዳል። የስልክ መዘግየትም ከዚህ ሊመጣ ይችላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር እንደሚያዘገይ አምኗል፤ ይህን ለደንበኞች ባለመንገሩም እ.ኤ.አ. በ2020 የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። ስልካቸው «ያረጀባቸው» ብዙ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው አዲስ ባትሪ ብቻ ነበር።

ባትሪ ሲቀየር መታወስ ያለበት ትልቁ ነገር የውስጡ አሠራር ነው። ሁለቱን ገጾች የሚለያያቸው ከሰው ፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ ነው። ያ ፕላስቲክ ከተቀደደ ሁለቱ ገጾች ይነካካሉ፣ ባትሪው ራሱን ያግላል፣ ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 ስልኮች የተቃጠሉትና ከገበያ የወጡት በባትሪው ውስጥ በተፈጠረ ይህን በመሰለ ጉድለት ነው። ስለዚህ ባትሪን በብረት መፈንቀል፣ ማጠፍ ወይም መውጋት ፈጽሞ አይገባም። ከስሩ የሚጎተት የማጣበቂያ ጥብጣብ ካለው ቀስ ብሎ መጎተት፤ ከሌለው ወይም ከተበጠሰ ጥቂት አልኮል ከስሩ አንጠባጥቦ መጠበቅና በፕላስቲክ ቀስ እያሉ ማላቀቅ ነው።

ያበጠ ባትሪ ግን ለጀማሪ አይሆንም። ስክሪኑ ከፍሬሙ ከተነሳ፣ ወይም ጀርባው ካበጠ፣ ስልኩን ማጥፋት፣ ቻርጅ አለማድረግ፣ አለመጫንና ወደ ባለሙያ መውሰድ ብቻ ነው።

ስክሪን፣ ቻርጅ መግቢያና ውኃ

ስክሪን ተደራርበው የተጣበቁ ክፍሎች ያሉት ነው፦ ከላይ መስታወቱ፣ ቀጥሎ ንክኪውን የሚያውቀው ተች፣ ከስር ምስሉን የሚያወጣው ክፍል። ምስሉ ደህና ሆኖ መስታወቱ ብቻ ቢሰነጠቅም ሦስቱን መለያየት ልዩ ማሽን ይፈልጋል። ስለዚህ በቤት የሚሠራው ሙሉውን ስክሪን መቀየር ነው። ከመለጠፉ በፊት አዲሱን ስክሪን አገናኝቶ፣ ስልኩን አብርቶ፣ ተቹን ከዳር እስከ ዳር በጣት ማረጋገጥ ብዙ ድካም ያድናል።

«ቻርጅ አይገባለትም» የሚባል ስልክ ደግሞ አንዳንዴ መከፈት እንኳ አያስፈልገውም። ኪስ ውስጥ የሚውል ስልክ መግቢያው ውስጥ ብናኝና የጨርቅ ክር ይከማቻል፤ ገመዱ በተሰካ ቁጥር ብናኙ ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ ጠቅ አይልም፣ ትንሽ ሲነካ ይወድቃል። ስልኩን አጥፍቶ፣ በደንብ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ በእንጨት ስቴኪኒ የመግቢያውን ግድግዳ ተከትሎ ቀስ ብሎ መጫር ነው። የተጠቀጠቀው ግራጫ ብናኝ በቁርጥራጭ እየተነሳ ይወጣል። በዩኤስቢ ሲ መግቢያ መካከል ያለችውን ስስ ምላስ መንካት ግን አይገባም፤ የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹ ያሉት እሷ ላይ ነው። መርፌም አይመከርም። ይህ ካልሠራና ሌላ ገመድም ካልረዳ፣ በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች መግቢያውን የያዘችው ትንሽ ሰሌዳ ለብቻዋ ትቀየራለች።

ውኃ የገባበትን ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበር የተለመደ ነው፤ አይጠቅምም። አፕል ራሱ የሩዝ ቅንጣት ስልኩን ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ስልክን የሚገድለው እርጥበቱ ብቻ አይደለም፤ በውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን ከኤሌክትሪኩ ጋር ተባብሮ መገናኛዎቹን ማዛግ ይጀምራል። ስለዚህ ወዲያው ማጥፋት፣ ቻርጅ አለማድረግ፣ ተከፍቶ ባትሪው ተላቆ ሰሌዳው በአልኮልና ለስላሳ ብሩሽ እንዲጸዳ ማድረግ ነው ትክክለኛው መንገድ። አንዴ የተከፈተ ስልክ ደግሞ የጠርዙ ማጣበቂያ በአዲስ ካልተተካ ቀድሞ የነበረውን ውኃ የመከላከል አቅም ያጣል።

በሶፍትዌር የተቆለፈው በር

ለጥገና እንቅፋት የሚሆነው ማጣበቂያና ብሎን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። አምራቾች አንዳንድ ክፍሎችን ከማዘርቦርዱ ጋር በሶፍትዌር አጣምረዋቸዋል። የአይፎን የጣት አሻራ ቁልፍ የታወቀው ምሳሌ ነው። ቁልፉን ከኩባንያው ውጭ ያስቀየሩ ሰዎች ሶፍትዌራቸውን ሲያድሱ «ስህተት 53» የሚል መልእክት እየመጣ ስልካቸው ጨርሶ ሥራ አቆመ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ይቅርታ ጠይቆ ማስተካከያ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት፣ ኩባንያው ለደንበኞች ጥገና የማግኘት መብታቸውን በተሳሳተ መንገድ ስለነገራቸው 9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው።

ሕጉም እየተከተለ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለገበያ የሚቀርብ ስማርት ስልክ ባትሪው ከ800 ሙሉ የቻርጅ ዙር በኋላ ቢያንስ 80 ከመቶ አቅሙን መያዝ አለበት፤ አምራቹም ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ7 ዓመታት ዋና ዋና መለዋወጫዎችን ማቅረብ ይጠበቅበታል። የአምስተርዳሙ ፌርፎን ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ በተራ ካቻቢቴ የሚፈታው ስልክ እያመረተ እንደሚቻል አሳይቷል። አንድን ዕቃ ገዝቶ የራሱ ያደረገ ሰው የመጠገን መብት ሊኖረው ይገባል፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግም የሚያመለክተው ወደዚሁ ነው።

ለባለሙያ የሚተወው

ስልኩ ባትሪም ስክሪንም ተቀይሮለት ካልተነሳ ጥፋቱ ማዘርቦርዱ ላይ ሊሆን ይችላል። ያ የቤት ሥራ አይደለም። በየከተማችን በጠባብ ሱቅ፣ በማይክሮስኮፕ ስር፣ ሾርት የሆነውን መስመር በቴስተር ፈልጎ፣ የሩዝ ፍሬ የማታክል ክፍልን በሙቅ አየር አንስቶ የሚተካ ወጣት ከፍተኛ ችሎታ ያለው ባለሙያ ነው፤ ክብርም ይገባዋል።

ስልኩን ለእሱ ከመስጠት በፊት ሲምና ሜሞሪ ካርድ ማውጣት ያስፈልጋል። የቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይሰጥም፤ ለጥገና የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። ብዙ የሳምሰንግ ስልኮች የባለቤቱን ፎቶና መልእክት ደብቀው ስልኩን ለመፈተሽ ብቻ ክፍት የሚያደርግ የጥገና ሞድ አላቸው። መለዋወጫው ኦርጅናል ይሁን ኮፒ አስቀድሞ መጠየቅ፣ «ወንድሜ፣ የወጣውን ዕቃ ስጠኝ» ብሎ አሮጌውን መቀበልም የደንበኛ መብት ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በተዘጋጀ ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 ከመቶው ብቻ ነው። አንድ ስልክ ሁለት ዓመት ቢጨምር ለኪስም ለምድርም ትርፍ ነው።

መማር ለሚፈልግ ሰው ምርጡ መጀመሪያ ከእንግዲህ ማንም የማይፈልገው፣ ባትሪው ግን ያላበጠ አሮጌ ስልክ ነው። እሱን መክፈት፣ የባትሪውን ፍሌክስ ማላቀቅ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በሥርዓት መልሶ መግጠም። ባትሪው እስካልተጎዳ ድረስ ቢሳሳቱበት የሚጎዳ የለም፣ እጅ ግን ይለመዳል። እጁን በዚህ መንገድ ያለማመደ ሰው የራሱን ስልክ ባትሪ በልበ ሙሉነት ይቀይራል፤ የማይችለውንም ከመነካካቱ በፊት ያውቀዋል።