የላሙ ጥንታዊ ከተማና አዲሱ ወደብ

የላሙን ስም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከወደቡ ጋር ነው። ወደቡ ለአገራችንና ለደቡብ ሱዳን የባሕር በር እንዲሆን የታሰበ ነው። ይሁን እንጂ በኬንያ ጠረፍ የምትገኘው ይህች ደሴት ከወደቡ ብዙ ዘመን የቀደመች የሙስሊሞች ከተማ ናት።

የድንጋይ ቤቶች፣ ጠባብ ጎዳናዎች

በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት የስዋሂሊ ከተሞች ላሙ በጥንታዊነቷና መልኳን ጠብቃ በመቆየቷ ቀዳሚ ናት። ቤቶቿ በኮራል ድንጋይና በማንግሮቭ እንጨት የታነጹ፣ በሮቿም በቅርጽ ያጌጡ ናቸው። ጎዳናዎቿ ጠባብ ስለሆኑ ጭነት የሚመላለሰው በአህያ ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለመውሊድና ለዒልም ሙስሊሞች ይጎርፉባታል። ዩኔስኮ በ1994 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ልማቱና ክርክሩ

በየካቲት 2004 ዓ.ም. የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች በስፍራው ተገኝተው ፕሮጀክቱን አስጀመሩ። 32 የመርከብ ማቆሚያዎች ታቅደው የመጀመሪያው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ለመርከቦቹ መግቢያ የባሕሩ ወለል ሲቆፈር ግን ዓሣ አጥማጆቹ መተዳደሪያቸው ተጎዳ። ክስ መሥርተውም በ2010 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ለ4,600 ያህል አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ። ነዋሪው በሚገባ አለመመከሩንም ገለጸ።

በአካባቢው 1,050 ሜጋዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫም ታቅዶ ነበር። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የኬንያ የአካባቢ ጉዳይ ዳኞች ሕዝቡ በአግባቡ አልተሳተፈም ሲሉ ፈቃዱን ሰረዙት።

ለእኛስ?

ጉዳዩ ለካዛንቺስ ሰው እንግዳ አይደለም። ስሙን በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት የወረሰው ይህ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙው ክፍሉ ፈርሷል። ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ቤት በቤት ይተካል፤ ለዓመታት የተገነባ ጉርብትና፣ እድርና የመስጊድ ጀመዓ ግን ወዲያው አይተካም።

አገራችን ወደብ ያስፈልጋታል፤ ከተማችንም መልማት አለባት። ነገር ግን ጎረቤት ሐቅ አለው። በላሙ በኩል የሚመጣልን ዕቃ የዓሣ አጥማጁን እንጀራ የነጠቀ መሆን የለበትም። ልማት ሲታቀድ ነባሩ ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የሚነሳም ከሆነ ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ይነሳ። ወጣቶችም የሰፈራችሁን ታሪክ ከአባቶችና ከእናቶች አፍ ሰምታችሁ ዛሬውኑ ጻፉ።