ላቲንን በኢንተርኔት በቡድን መማር፦ ለጤና ባለሙያ ያለው ጥቅምና የጥቅሙ ወሰን

በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ላይ ከመድኃኒቱ ስም ቀጥለው የሚጻፉት አጫጭር ፊደላት፣ በአናቶሚ ትምህርት የሚጠኑት የአጥንትና የጡንቻ ስሞች፣ በላቦራቶሪ መዝገብ ላይ የሚሰፍሩት የተሕዋስያን መጠሪያዎች በአብዛኛው መሠረታቸው ላቲን ወይም ግሪክ ነው። በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ባለሙያው እነዚህን ቃላት የሚይዛቸው በሽምደዳ ነው። «ቢ አይ ዲ» ማለት በቀን ሁለት ጊዜ መሆኑን ያውቃል፤ ፊደላቱ የየትኞቹ ቃላት ምሕጻር እንደሆኑ ግን የሚጠይቀውም የሚነግረውም አልነበረም።

ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ ላቲንን ከየአገሩ ከተሰባሰቡ ሰዎች ጋር በቡድን መማር ተችሏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የጤና ባለሙያ ከእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ምን እንደሚያገኝ፣ ቡድኑ እንዴት እንደሚደራጅና ዕውቀቱ በሥራ ላይ ሲውል የት ላይ መቆም እንዳለበት ማስረዳት ነው።

የላቲንና የሕክምና ዝምድና

ላቲን ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ሊቃውንት የጋራ ቋንቋ ነበር። ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ስለ ሰው አካል አሠራር ያሳተመው መጽሐፍም ሆነ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ስለ ልብ እንቅስቃሴና ስለ ደም ዝውውር ያወጣው ጥናት የተጻፉት በላቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በባዝል ከተማ የጸደቀው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአናቶሚ ስሞች ዝርዝር በላቲን የተዘጋጀ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዝርዝርም የላቲኑን ስም ከእንግሊዝኛው ጎን አስፍሯል። በዕፅዋት ጥናት ደግሞ አዲስ የተገኘ ተክል በላቲን እንዲገለጽ የሚያስገድደው ደንብ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 መጨረሻ ድረስ ጸንቶ ቆይቶ ከጥር 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝኛም መግለጽ ተፈቅዷል። የተክሉ ስም ግን ዛሬም የላቲንን ቅርጽ ይዞ ይወጣል።

ላቲን ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ጀርመናዊውን ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ካገኙት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጎታ ተጉዘው ግእዝና አማርኛ አስተምረውታል። ከተለያዩም በኋላ ትምህርቱ በደብዳቤ ቀጥሏል። ሉዶልፍ በዚህ መንገድ ያገኘውን ዕውቀት መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1865 የታተመው የዲልማን ታላቅ የግእዝ መዝገበ ቃላትም ፍቺው በላቲን ነው። ስለዚህ በብራና የተጻፉ የግእዝ የመድኃኒት መጻሕፍትን መመርመር የሚሻ ኢትዮጵያዊ አጥኚ ይህን መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ላቲን ከፊቱ ይቆማል።

ትርጉሙን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

«ሰርቪካል» የሚለውን ቅጽል ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ባለሙያው ቃሉን በአንድ ወገን ከአንገት አከርካሪ፣ በሌላ ወገን ከማሕፀን በር ካንሰር ጋር ይሰማዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው «ኬርቪክስ» የሚለው የላቲን ስም ሲሆን ትርጉሙ አንገት ነው። ሮማይስጡ አንገት ያለውን አማርኛው በር ብሎታል። ይህን የተረዳ ባለሙያ ቃሉን በሁለት ቦታ ለየብቻ መሸምደድ አያስፈልገውም።

«ኦስ» የሚለው ቃል ደግሞ ይበልጥ አስተማሪ ነው። በላቲን ድምፁ ሲረዝም አፍ፣ ሲያጥር አጥንት ማለት ነው። ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው በዘርፍ ቅርጹ ሲሆን የአፍ «ኦሪስ»፣ የአጥንት «ኦሲስ» ይባላል። «ፔር ኦስ» በአፍ የሚወሰድ ማለት ነው። ሁለቱ ፊደላት ብቻቸውን በዓይን ክፍል ሲጻፉ ግን «ኦኩሉስ ሲኒስቴር»፣ ማለትም የግራ ዓይን ይሆናሉ። አንድ ዓይነት ጽሕፈት ሦስት ነገር ሊያመለክት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ማዘዣ ሲያነብ ይጠነቀቃል።

በድምፅ የሚቀራረቡ ስሞችም አሉ። «ኢሌዩም» የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ሲሆን «ኢሊዩም» የዳሌ አጥንት ነው። በአማርኛ አነጋገር ሁለቱ በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ በቃል በሚተላለፍ ሪፖርት በቀላሉ ይምታታሉ።

የአገራችን ዕፅዋት ስሞችም ከዚሁ ትምህርት ይጠቀማሉ። ኮሶ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ»፣ ኑግ «ጊዞቲያ አቢሲኒካ»፣ እንሰት «እንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ይባላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሞች ቅጽሉ በ«ካ» ያበቃው የተክሉ ስም በላቲን ሰዋስው አንስታይ ስለሆነ ነው። በእንሰት «ኡም» የመጣው ደግሞ ስሙ ግዑዝ ጾታ ስለተሰጠው ነው። «ቬንትሪኮሱም» ሆዳም ወይም ሆደ ሰፊ ማለት ሲሆን የእንሰትን ግንድ ለሚያውቅ ሰው ስያሜው ወዲያው ግልጽ ይሆንለታል።

ሆኖም ከላቲን ሁሉን መጠበቅ አይገባም። የበሽታና የቀዶ ሕክምና ስሞች በብዛት ከግሪክ የመጡ በመሆናቸው ላቲን ብቻ ያጠና ሰው ግማሹ መንገድ ይቀረዋል።

አማርኛ ተናጋሪ የሚያገኘው ቅለት

በላቲን የስም መድረሻ እንደ ሙያው ይለዋወጣል። ይህ እንግሊዝኛን ብቻ ለለመደ ተማሪ ከባድ ሲሆን ለአማርኛ ተናጋሪ ግን አዲስ ነገር አይደለም። «ክኒን» ተሳቢ ሲሆን «ክኒኑን» እንደሚባል ሁሉ በላቲን «ፒሉላ» የነበረው «ፒሉላም» ይሆናል። ግእዝ የሚያውቅ ሰው ደግሞ «ፈውስ» ተሳቢ ሲሆን «ፈውሰ» ማለቱን ያስታውሳል።

ልዩነት የሚመጣው በዘርፍ ላይ ነው። በግእዝ «ቤተ ክርስቲያን» በሚለው ሐረግ የሚለወጠው ፊተኛው ስም ሲሆን በላቲን የሚለወጠው ዘርፉ ራሱ ነው። የሴና ቅጠል «ሴናይ ፎሊዩም» ሲባል «ሴና» ወደ «ሴናይ» ተለውጧል። በጥንታዊው የማዘዣ አጻጻፍ መጀመሪያ ላይ የሚገኘው «ሬኪፔ» የሚለው ቃልም «ውሰድ» የሚል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የሚሰጠው ለታካሚው ሳይሆን መድኃኒቱን ለሚያዘጋጀው ባለሙያ ነው። ከዚህ ቃል በኋላ መጠኑ ተሳቢ፣ የመድኃኒቱ ስም ደግሞ ዘርፍ ሆኖ ይከተላል።

የቡድን ትምህርቱ አሠራር

በኢንተርኔት የሚሰጡ የላቲን የቡድን ትምህርቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው መምህርና ተማሪዎች በአንድ ሰዓት በቪዲዮ የሚገናኙበት ነው። ሁለተኛው በጽሑፍ የሚካሄድ ሲሆን አባላቱ ለሳምንቱ የተመደበውን ምንባብ እያንዳንዳቸው ተርጉመው በተወሰነው ቀን ለአስተባባሪው ይልካሉ። አስተባባሪው ትርጉሞቹን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያደራረበ ለሁሉም ይመልሳል። እያንዳንዱ የራሱን ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን ያርማል።

ለማስተማሪያነት በስፋት ከሚታወቁት መጻሕፍት አንዱ ዴንማርካዊው ሃንስ ኤርበርግ ያዘጋጀው «ሊንጓ ላቲና ፔር ሴ ኢሉስትራታ» ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በላቲን ብቻ የተጻፈ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል 35 ምዕራፎች አሉት። አንድ ምዕራፍ በሁለት ሳምንት ቢጠና ክፍሉን ለመጨረስ 70 ሳምንት ይወስዳል። ይህ አስቀድሞ ቢታወቅ ብዙዎች በሦስተኛው ወር ተስፋ ቆርጠው እንዳያቋርጡ ይረዳል።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ለእንዲህ ያለ ቡድን አመቺነትም ችግርም ያለበት ቦታ በመሆኑ እንደ ምሳሌ ሊወሰድ ይችላል። የሚገኘው ጥቁር አንበሳና ባልቻ ሆስፒታሎች ባሉበት በልደታ ክፍለ ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በልደታ ያልፋል። በአካባቢው የሚኖሩ ነርስ፣ የፋርማሲ ባለሙያና የላቦራቶሪ ባለሙያ ለጥናቱ ቢሰባሰቡ የሚከተሉትን ነጥቦች ማመዛዘን ይኖርባቸዋል።

አንደኛ፣ የተረኝነት ጉዳይ ነው። ሦስቱም በአንድ ምሽት ነጻ የሚሆኑበት ሳምንት ጥቂት ስለሚሆን በጽሑፍ የሚካሄደው ትምህርት ይስማማቸዋል። ምንባቡን አዳሪ ተረኛ የነበረው በማግስቱ፣ ሌላው በዕረፍት ቀኑ ሊሠራው ይችላል። መብራት ቢጠፋ ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥም የሳምንቱ ትምህርት አያመልጥም።

ሁለተኛ፣ የሰዓት አቆጣጠር ነው። በቪዲዮ የሚሰጠው ትምህርት በሮም ከቀትር በኋላ 6 ሰዓት ቢሆን በአዲስ አበባ በክረምታቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በበጋቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። የኒውዮርክ የምሽት 7 ሰዓት ትምህርት ግን እዚህ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ስለሚውል በማግስቱ ታካሚ ለሚያይ ሰው አይመከርም።

ሦስተኛ፣ የቦታ ጉዳይ ነው። ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ልጆች በሚያጠኑበት ሰዓት ላቲን ጮክ ብሎ ማንበብ ያስቸግራል። ጎረቤታሞች በአንደኛው ቤት ተሰብስበው አንድ የኢንተርኔት መስመር ቢጋሩ ወጪው ይቀንሳል፤ ከዚያም በላይ ንባቡን ተራ በተራ ለመሰማማት ያስችላቸዋል። የቅኔ ቤት ተማሪዎች ግስ የሚያወርዱትና የሚቀጽሉት በጋራ ነው። የላቲንን የግሥ እርባታና የስም ዝርዝር ለመያዝም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

አራተኛ፣ የታካሚ ምስጢር ነው። ለልምምድ ተብሎ የእውነተኛ ታካሚ ማዘዣ ፎቶግራፍ ወደ ቴሌግራም ቡድን መላክ አይገባም። ምሳሌ ካስፈለገ ስምና የካርድ ቁጥር የሌለበት፣ ለትምህርት ብቻ የተዘጋጀ ማዘዣ መጻፍ ይቻላል።

ዕውቀቱ የሚቆምበት ቦታ

ላቲን ያወቀ ባለሙያ በማዘዣ ላይ ላቲን አብዝቶ እንዲጽፍ ሊፈተን ይችላል። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ኪዩ ዲ» የሚባለው ምሕጻር «ኳኴ ዲዬ»፣ ማለትም በየቀኑ ሲሆን «ኪዩ አይ ዲ» ደግሞ «ኳቴር ኢን ዲዬ»፣ ማለትም በቀን አራት ጊዜ ነው። በፊተኛው ምሕጻር መካከል የገባችው ነጥብ በችኮላ ተጽፋ እንደ «አይ» ፊደል ከተነበበች መጠኑ አራት እጥፍ ይሆናል። መድኃኒቱ እንደ ዲጎክሲን ያለ በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ጠባብ ልዩነት ያለው ከሆነ ውጤቱ ሞት ሊሆን ይችላል። «ኦ ዲ»ም እንዲሁ በአንዱ ባለሙያ እጅ «ኦምኒ ዲዬ» ተብሎ በየቀኑ፣ በዓይን ሐኪሙ እጅ «ኦኩሉስ ዴክስቴር» ተብሎ የቀኝ ዓይን ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የጤና ተቋማትን የሚመዝነው የጋራ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው በማዘዣ ላይ የማይጻፉ ምሕጻሮች ዝርዝር ውስጥ «ኪዩ ዲ»ን እና በየሁለት ቀኑ የሚለውን «ኪዩ ኦ ዲ»ን አካትቷል። የሚመከረው ሙሉ ቃሉን መጻፍ ነው።

ላቲኑን በትክክል ማንበብም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ለታካሚው በአማርኛ በትክክል መመለስ አለበት። «በየ8 ሰዓቱ» የተባለ መድኃኒት በጆሮ «በ8 ሰዓት» ተብሎ ሊሰማና ታካሚው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት» ብሎ መንገር ይሻላል። «ፖስት ኪቡም»፣ ማለትም ከምግብ በኋላ የታዘዘለት ታካሚ በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ከሆነም «ከምግብ በኋላ» ማለት ብቻ የጠዋቱን መድኃኒት ያስዘልለዋል። የሚጾም መሆኑን ጠይቆ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ለጤና ባለሙያ ላቲን የሚጠናው ለማንበብና ለመረዳት ነው። በኢንተርኔት በቡድን መማር በተረኝነት ለሚሠሩ ሰዎች የሚመች፣ ወጪው የሚቻልና ከግእዝ ትምህርት ልማድ ጋር የሚጣጣም መንገድ ነው። የተገኘው ዕውቀት ግን ማዘዣው ላይ በምሕጻር ተመልሶ ከተጻፈ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። «ቴር ኢን ዲዬ» የሚለውን ያነበበ ባለሙያ ሥራው የሚጠናቀቀው ታካሚዋ የታዘዘላትን በራሷ አንደበት «ጠዋት፣ ቀንና ማታ፣ አንድ አንድ ፍሬ» ብላ ስትደግምለት ነው።