በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ፋይልን የሚከፍተውን ፕሮግራም ስለ መምረጥ
(ከማንኪራ ተሰብስቦ በሚመጣ ማስረጃ ምሳሌነት)

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፥ በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር (በተለምዶ ማክ በሚባለው) አንድን ፋይል የትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው በምን እንደሚወሰንና ይህንንም ተማሪው ራሱ እንዴት መወሰን እንደሚችል ማስረዳት ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም፥ ብዙ የተደከመበትን ማስረጃ ሊያበላሽ የሚችል ስለሆነ ልናስብበት ይገባል።

ምሳሌያችን በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ የምትገኘው ማንኪራ ናት። ማንኪራ የጫካ ቡና በተፈጥሮ የሚበቅልባት ስትሆን፥ የካፋ ደንም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ወደዚያ ወርዶ ስለ ቡና ለቀማ የሚያጠና ተማሪ የሽማግሌዎችን ቃል፥ የቡናውን የአገር ስም፥ ቀኑንና የስልክ ቍጥሩን በሠንጠረዥ ይሞላል እንበል። ሠንጠረዡ ብዙውን ጊዜ ሲ.ኤስ.ቪ. በሚባል ፋይል ይቀመጣል፤ ይኸውም በነጠላ ሰረዝ የተከፋፈለ ተራ ጽሑፍ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1984 ማኪንቶሽ በወጣ ጊዜ፥ እያንዳንዱ ፋይል ሁለት ባለ አራት ፊደል ስውር መለያዎች ነበሩት። አንዱ የፋይሉን ዓይነት፥ ሁለተኛው ፋይሉን የፈጠረውን ፕሮግራም ያመለክታል። ስለዚህ ፋይሉ ሲከፈት ወደ ፈጠረው ፕሮግራም ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሥርዓት ግን የፈጣሪው መለያ ቀረ። ዛሬ በአብዛኛው የሚወስነው ከስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቅጥያ ነው። ኮምፒዩተሩም ለየቅጥያው የተመደበውን ፕሮግራም ከመዝገቡ ይፈልጋል፤ አዲስ ፕሮግራም ሲጫንም ምደባው ሊለወጥ ይችላል።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ኤክሴል የተጫነበት ማክ ሲ.ኤስ.ቪ. ፋይልን ብዙ ጊዜ በኤክሴል ይከፍታል። ኤክሴል ደግሞ ያየውን ይተረጕማል። በ0 የሚጀምር የስልክ ቍጥር 0ውን ያጣል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. «5/13/2016» ተብሎ ቢጻፍ፥ የአሜሪካን የቀን አቀማመጥ የሚከተል ኮምፒዩተር 13ኛ ወር እንዳለን ስለማያውቅ በፈረንጆች አቈጣጠር ሜይ 13 ቀን 2016 ያደርገዋል። ትክክለኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ነው። የቡናን መልቀሚያ ወራት ለሚያጠና ሰው ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

የፊደሉም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፥ «ማንኪራ» የሚለው ባለ 4 ፊደል ቃል 12 ባይት ነው። ፕሮግራሙ አጻጻፉን ካላወቀ በቃሉ ፈንታ ትርጕም የሌላቸው 12 ምልክቶች ይታያሉ። ይህ በራሱ ፋይሉን አይጐዳም፤ ሳያስቀምጡ ቢዘጉት የነበረው እንዳለ ነው። ነገር ግን ፊደላችንን በማይችል አጻጻፍ መልሶ ከተቀመጠ ፊደሎቹ በጥያቄ ምልክት ይተካሉ፤ የሽማግሌውም ቃል ከዚያ ፋይል አይመለስም።

ፕሮግራሙን ለመምረጥ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛ፥ ለአንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፥ የኮንትሮልን ቁልፍ ይዞ ፋይሉን መጫንና «ኦፕን ዊዝ» ከሚለው ሥር ፕሮግራሙን መምረጥ ነው።

ሁለተኛ፥ ለዚያ ፋይል ዘወትር እንዲሆን፥ ፋይሉን መርጦ ኮማንድንና አይን በአንድነት መጫን ነው። «ጌት ኢንፎ» የተባለው መስኮት ሲከፈት «ኦፕን ዊዝ» በሚለው ክፍል ፕሮግራሙ ይመረጣል።

ሦስተኛ፥ ለዚያ ዓይነት ፋይሎች ሁሉ እንዲሆን፥ በዚያው መስኮት ፕሮግራሙን ከመረጡ በኋላ «ቼንጅ ኦል» የሚለውን መጫን ነው።

ቅጥያውን መለወጥ ግን ከነዚህ አይቈጠርም። የስሙን መጨረሻ መለወጥ የዕቃውን ምልክት እንደ መለወጥ ነው፤ ውስጡ ያው ነው።

እንግዲህ የእኛ አሳብ የሚከተለው ነው። ከመስክ የመጣ ጥሬ ማስረጃ በመጀመሪያ መከፈት ያለበት ሳይተረጕም እንዳለ በሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ የሲ.ኤስ.ቪ. ፋይሎች ሁሉ ከማክ ጋር በሚመጣው በቴክስት ኤዲት እንዲከፈቱ «ቼንጅ ኦል» በሚለው መመደብ ይበጃል። በ«ጌት ኢንፎ» መስኮት «ሎክድ» የሚለውን ምልክት ማድረግም ዋናው ፋይል በስሕተት እንዳይለወጥ ይጠብቃል። ስሌት ሲያስፈልግ ኤክሴልን አስቀድሞ ከፍቶ፥ ፋይሉን ከውጭ በሚያስገባው ትእዛዝ ማስገባት፥ አጻጻፉ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 መሆኑን መንገር፥ የቀኑንና የስልኩንም ዓምድ «ጽሑፍ» ብሎ መመደብ ይገባል።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይጠይቅም። ማንኪራ ድረስ ወርዶ የተሰበሰበውን ቃል እንደገና ለመሰብሰብ ግን ሌላ ጕዞ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜም ነጋሪው ሽማግሌ ላይገኙ ይችላሉ።