የራውተር ደንብ ሲለወጥ የነጋዴው መሥመር እንዳይቋረጥ

ራውተር የሚባሉት የኢንተርኔት መንገድ መሪ መሣሪያዎች ለነጋዴው ዐይን የማይታዩ ናቸው፤ ነገር ግን የባንክ ማዘዣም ሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፤ በሱቅ ባንኮኒ ላይ በካርድ የሚከፈለውም ሒሳብ ሁሉ በእነርሱ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ደንባቸው በሚለወጥበት ጊዜ መሥመሩ ይቋረጣል ወይስ አይቋረጥም የሚለው ጥያቄ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በየድርጅቱ ድንበር ላይ የቆሙት ራውተሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ቢ.ጂ.ፒ. በሚባል ሥርዐት ሲሆን፤ ይኸውም ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1989 በጽሑፍ ወጣ። ሁለት ጎረቤታሞች ሴሽን የሚባለውን ግንኙነት ሲከፍቱ፤ አንደኛው ለሌላው «በእኔ በኩል የሚደረስባቸው አድራሻዎች እነዚህ ናቸው» ብሎ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ የሚልከው ለውጡን ብቻ ነው። የመላው ዓለም ዝርዝር ከ900 ሺህ በላይ መንገዶች ያሉበት ስለሆነ፤ በየጊዜው መደጋገሙ ከንቱ ድካም ይሆን ነበር።

ችግሩ የሚመጣውም ከዚሁ ቁጥብነት ነው። ሁለት መሥመር ያለው አስመጪ ድርጅት ዋጋው የረከሰውን ላስቀድም ብሎ ደንቡን ቢለውጥ፤ ቀድሞ የተነገሩት መንገዶች በአሮጌው ደንብ እንደተመረመሩ ይቀራሉ፤ ጎረቤቱም የተናገረውን አይደግምም። በቀድሞው ልማድ መድኀኒቱ ሴሽኑን ቈርጦ እንደገና መክፈት ነበር። ሴሽን ሲቈረጥ ግን ከዚያ ጎረቤት የተገኙት መንገዶች በሙሉ ይሰረዛሉ፤ ወሬውም ወደ ሌሎች መረቦች ይዛመታል። አንዳንዶቹማ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋና የሚመለስ መንገድን እንደማይታመን ባለዕዳ ቈጥረው ለጊዜው አይቀበሉትም።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ ተገኝቷል። አንደኛው፤ ጎረቤቱ የላከውን ዝርዝር ሳይነካኩ ግልባጩን በማኅደር አስቀምጦ፤ ደንቡ ሲለወጥ በግልባጩ ላይ እንደገና መመርመር ነው፤ ጉድለቱም የመሣሪያውን የማስታወሻ ቦታ ማጣበቡ ነው። ሁለተኛውና የተሻለው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሩት ሪፍሬሽ ነው፤ ራውተሩ ሴሽኑን ሳይዘጋ ጎረቤቱን «ዝርዝርህን ድገምልኝ» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የሚሆነው ሴሽኑ ሲከፈት ሁለቱም እንደሚችሉ የተስማሙ እንደሆነ ነው። ወደ ውጭ ለሚነገረው ደንብ የጎረቤት ርዳታ አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ዝርዝሩን በአዲሱ ደንብ አጣርቶ ይልካል። በመክፈቻው ስምምነት ላይ አዲስ ችሎታ ለመጨመር ግን ብዙውን ጊዜ ሴሽኑን መዝጋት ግድ ስለሚሆን፤ እንዲህ ያለው ሥራ ሱቆች በተዘጉበት ሰዓት ቢደረግ ይሻላል።

ሴሽን አለመቋረጡ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በካናዳ ሮጀርስ በተባለው የቴሌኮሙኒኬሽን ኩባንያ ውስጥ፤ በማሻሻያ ሥራ መካከል አንድ የመንገድ ማጣሪያ ደንብ ተሰረዘ። ታግደው የነበሩት መንገዶች እንደ ጎርፍ ገብተው የዋናውን መረብ ራውተሮች ከዐቅማቸው በላይ አጨናነቁ፤ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ ደንበኞች አገልግሎት አጡ። ኢንተራክ የሚባለው የካርድ ክፍያ መረብ በመላ አገሪቱ ስለ ቆመም፤ ብዙ ባለሱቆች ጥሬ ገንዘብ ካልያዘ ገዢ መቀበል አልቻሉም።

ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ከጎረቤቱ ለሚቀበለው መንገድ አስቀድሞ የብዛት ወሰን ያበጃል፤ ለውጡንም በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ይሞክራል። በጁኒፐር ራውተሮች ላይ ለውጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልጸደቀ በራሱ ወደ ቀድሞው እንዲመለስ ማዘዝ ይቻላል። የመሥመር ኪራይ ውል የሚፈራረም ነጋዴም አቅራቢውን፤ ደንብ ሲለውጥ ሴሽን ይቈርጥ ወይም ያድስ እንደሆነና የጥገናውን ሰዓት ከስንት ቀን በፊት እንደሚያስታውቅ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል።